ከኋላ ወንበር የተናገረው ማን ነበር?

መጀመሪያ ይህን ተረዱልኝ፤ በደርግ ጊዜ ልጅ ክፍል ውስጥ የተናገረው ነገር ወላጁን ሊያሳስር ይችል ነበር።

ጉለሌ፣ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ የተረት ገጸ ባሕርያትን እያስተማርኩ ነው። የቀበሌው ካድሬ ትምህርቱን ሊከታተል በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ጦጣ ብልጥ፣ አህያ የዋህ እያልን ጅብ ላይ ደረስን።

«ጅብስ ምን ዓይነት ነው?» አልኩ።

የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ልጅ አየለች ብድግ አለች። «ሆዳም ነው፣ እትዬ። ስኳራችንን እንደሚበላው የቀበሌ ሊቀመንበር!»

ማንም አልሳቀም። ካድሬው ተነሣ። «ይህን ማን ነገረሽ? አባትሽ ነው?»

አየለች መዋሸት አታውቅም። «አዎ» ልትል አፏን ስትከፍት ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ጮኸ፤ «የተሻረውን ሊቀመንበር ማለቷ ነው፣ ጓድ!»

ካድሬው ትንሽ አሰበ። «እሱማ ጅብ ነበር» ብሎ ተቀመጠ። (የተሻረን ሰው መስደብ ያኔ እንደ ንቃት ይቆጠር ነበር።)

ዓይኔ ካድሬው ላይ ነበር፤ ማን እንደተናገረ ዞሬ አላየሁም፤ በኋላም አልጠየቅሁም። የማላውቀውን ማንም ሊያስለፈልፈኝ አይችልም።

ዛሬ ጠዋት አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ አየለችን አገኘኋት። «አባቴ አልጋ ላይ ናቸው፣ እትዬ። ‹ያን ልጅ ሳልመርቀው አልሞትም› ይላሉ። ማን ነበር?» አለችኝ። «አጠያይቅልሻለሁ» ብያት ይኸው ጻፍኩ።

ያን ክፍል የተማራችሁ ብዙዎቻችሁ እዚህ ገጽ ላይ አላችሁ። እንዲህ ያለ ቀን የገጠማችሁም ጻፉ። አንተ ከኋላ የጮኽኸው ግን፣ ወይም አንቺ፣ ዛሬውኑ መልስ ስጡኝ፤ ሽማግሌው እየጠበቁ ነው።