አማቼ ሲገቡ

ቢቸና ውስጥ «አማቷን ቁጭ ብላ የምትቀበል አስተማሪ» ተብዬ ወሬ ሆኜ ነበር። አዋቂ ሲገባ «ኖር!» ብሎ መነሳት እኔን ማን ያስተምረኛል? ያደግሁበት ነው! ግን ኮሮና ይዞኝ ከተነሳሁ ወዲህ፣ ብድግ ባልኩ ቁጥር ልቤ ይደልቃል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ያልተመረመርኩት የለም፤ መልሱ «ምንም የለብሽም» ነው። እንዴት እንደሚያናድደኝ!

የባሌ አባት ግን በዋዛ አላለፉትም። «ንቃኛለች። እሷ እያለች ደጅህን አልረግጥም» አሉት ልጃቸውን። እሱም ውሎ አድሮ እራቱን ለብቻው ይበላ ጀመር። ትዳሬ ሊፈርስ ነው ብዬ ፈራሁ።

በኋላ፣ ከቫይረስ ሕመም ወዲህ የደም ዝውውራቸው የተዛባ ሰዎችን የሚያጠኑ ሐኪሞች ሞጣ መጥተዋል ሲባል ስሜን አስመዘገብሁ። አማቼም ባሌ ለምኗቸው አብረውን መጡ፤ «ውሸቷን በዓይኔ ልየው» ብለው።

ምርመራው ጸጥ ብሎ መተኛት፣ ከዚያ ሳይንቀሳቀሱ መቆም ነው። ከሐኪሞቹ አንዷ ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ሰው ፈልጋ አማቼን ጠየቀቻቸው። «እኔ ምን አለብኝ!» ብለው ጋቢያቸውን ለባሌ ሰጥተው አልጋው ላይ ወጡ። ተኝተውም ቆመውም የልባቸው ምት ያው ነው ማለት ይቻላል። «አየሽ?» በሚል ዓይን ገረመሙኝ።

ተራዬ ደረሰ። ተኝቼ ሳለሁ ምቴ የረጋ ነበር። ስቆም በመሣሪያው ላይ የምቴ ቁጥር ይዘል ጀመር፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔ እኮ ንቅንቅ አላልኩም!

«እግሯን እዩት፤ ደሙ ወደ ላይ አልመለስ ብሎ ነው» አለች ሐኪሟ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ወይ ጉድ! ሁለቱም እግሬ በልዟል። የራሴ እግር አልመስል አለኝ።

«በስመ አብ!» አሉ አማቼ። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? አስተኟት እንጂ!» ስንገዳገድ ደግፈው የያዙኝም እሳቸው ናቸው።

«መድኃኒቱስ?» አልኳት ሐኪሟን።

«ውኃና ጨው አብዢ፣ እግርሽን የሚያጠብቅ ካልሲ አድርጊ። ፈውሱን ገና እየፈለግን ነው።»

ክው አልኩ። ለካ ሕመሙን ማወቅና መዳን ለየቅል ናቸው።

ዛሬም ስነሳ ያዞረኛል። አማቼ ግን መምጣት ጀምረዋል። የመጀመሪያው ቀን ገና ከአጥሩ በር ሆነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ጮሁ፤

«እንዳትነሺ! አንቺ ልጅ፣ እንዳትነሺ ብያለሁ!»

«ኖር» አልኩ እንደ ተቀመጥሁ፤ እንባዬ ቀደመኝ።