ሰንጢው ከውስጥ ነበር

ሐጀራ ከኮልፌ ጎጃም በረንዳ ደርሳ ለመመለስ በታክሲ አምስት ብር ከስልሳ ይወጣባታል። ጠዋት ሻይ በዳቦ ስድስት ብር፣ ምሳ ፍርፍር አሥራ አምስት፣ ሲባጎ አሥራ ሁለት፣ መጸዳጃ ቤት አንድ ብር። ድምሩ አርባ ብር ሊሞላ አርባ ሳንቲም ነው። የአንድ ማዳበሪያ አፍ ሰፍታ የምታገኘው ሁለት ብር ስለሆነ ሃያውን ለቀኑ ትሰፋለች፤ ከሃያ አንደኛው ጀምሮ ያለው የልጆቿ ነው። ይህም የሚሆነው ማንም ሳያናድዳት ከዋለ ነው። በ2005 ዓ.ም. የካቲት፣ በአንዱ ሐሙስ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድም ማዳበሪያ ሳትሰፋ ስትጮህ አሳለፈች።

ሥራዋ ማሸግ ነው። ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ዕቃ ኢሱዙ ላይ ከመጫኑ በፊት በእሷ እጅ ያልፋል። የማዳበሪያውን አፍ በድርብ ሲባጎ ትሰፋዋለች፤ በላዩ ላይ የናይለን ገመድ አግድምና ቁልቁል ጠፍራ ታስርበታለች፤ በመጨረሻም የቋጠሮውን ጫፍ በክብሪት አቅልጣ በድንጋይ ትጨፈልቀዋለች። የቀለጠው ናይለን ሲቀዘቅዝ እንደ ብረት ነው። መንገድ ላይ እጁን ሊሰድ የሚፈልግ ረዳት ይሁን ጫኝ ዳብሶት ይተወዋል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ "የሐጀራ ቋጠሮ ተፈትቶ ደረሰኝ" ያለ ነጋዴ የለም። ደብረ ማርቆስ ያሉት ዕቃ ሲያዙ "ሐጀራ ትስፋው" ብለው ነው ስልኩን የሚዘጉት። በረንዳው ላይ የሚያስቀምጣት የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴው ሙናዊርም ይህን ስም እንደ ራሱ ሱቅ ታፔላ ያየዋል።

ከዚያ ሐሙስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይገረም የሚባል ወጣት መጥቶ ነበር። ይገረም ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሰዎችን በታንኳ እየወሰደ፣ ደሴት ላይ ድንኳን ተክሎ ያሳድራል። ታንኳ ቢገለበጥ፣ መንገድ ቢጠፋ፣ ሰው ቢጎዳ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከመርካቶ ለቃቅሞ ይዞ ነበር የመጣው። ብርድ ልብስ፣ ክብሪት፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ከረሜላ፣ ፋሻ፣ ሰንጢ። አንድ በአንድ እየቆጠረ ሰጣት።

"እትዬ ሐጀራ፣ ውሃ የሚባል ነገር እንዳይነካው አድርገው ይስፉልኝ።"

"ሌባ ያልገባበት ውሃ ይገባበታል እንዴ?" አለችው እየሳቀች።

እያንዳንዱን በፌስታል ጠቀለለች፣ ሁሉንም በወፍራም ላስቲክ ከተተች፣ ማዳበሪያው ውስጥ አድርጋ ሰፋች፣ ጠፈረች፣ አቀለጠች። ልጁ አምስት ብር ጉርሻ ጨምሮላት ሄደ።

በዚያ ሐሙስ ሲመለስ ሰላምታ እንኳ አልነበረውም። ከኋላው ነጠላዋን እስከ ክርኗ ያጣፋች፣ ሠርኬ የምትባል ምግብ አብሳዩ ቆማለች። ያንኑ ማዳበሪያ ሐጀራ እግር ሥር ወረወረው። አፉ እንደተሰፋ ነው። አንድ ጥጉ ላይ ግን ውሻ ያኘከው ይመስላል።

"ሰው ሊገድሉብኝ ነበር!" ብሎ ጮኸ። ጫኞቹ ሁሉ ዞሩ።

"ምን አድርጌ?"

"ምን አላደረጉም! ቅዳሜ ከሰዓት ነፋስ ተነሳና የኋለኛዋን ታንኳ ገለበጣት። እኔ ከፊት ስለነበርኩ አላየሁም። ሠርኬና ሁለት እንግዶች ማዳበሪያውን ታቅፈው ሸምበቆ ውስጥ ወጡ። እየተንቀጠቀጡ! ፊሽካ ነፍተው እንዳይጠሩኝ ፊሽካው ከውስጥ። እሳት እንዳያነዱ ክብሪቱ ከውስጥ። ነከሱት፣ በድንጋይ ቀጠቀጡት። ሲነጋጋ ነው ፈልጌ ያገኘኋቸው!"

"ሰንጢ ሰጥተኸኝ አልነበር? ሰንጢው የት ሄዶ?"

"ሰንጢውም ከውስጥ!"

ከጫኞቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው።

"ማነው እሱ?" ሐጀራ ብድግ አለች። "ና፣ እዚህ ፊቴ መጥተህ ሳቅ!" ማንም አልመጣም። ወደ ይገረም ዞረች። "አንተስ? ሰንጢውን በእጅህ ቆጥረህ ስታስረክበኝ ልብህ የት ነበር? እኔ ሐይቅ የማውቀው በካላንደር ሥዕል ነው! አንተ ውሃ ላይ የምትውለው፣ ይህን ነገር አንድ ቀን ከፍተህ ሞክረኸዋል? አልሞከርከውም! ገዝተህ፣ አሳሽገህ፣ ታንኳ ላይ ጥለህ ተኛህ!"

ሙናዊር ጩኸቱ ገበያ እንዳያርቅበት ከሱቁ ብቅ አለ።

"ሐጀራ፣ ተይው በቃ። እሰሪ ተባልሽ፣ አሰርሽ። ከዚህ በረንዳ ከወረደ በኋላ የሆነው የኛ አይደለም።"

ሐጀራም ልትቀመጥ ነበር። እውነቷን ነው፤ የተባለችውን ሠርታለች። በዚህ መሐል ሠርኬ እጆቿን ከነጠላው ውስጥ አወጣች። አራት ጣቶቿ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ጥፍር የነበረበት ቦታ ላይ ፋሻው ጠቁሯል።

"እትዬ፣ ስፌትዎ ግን ጎበዝ ነው" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ልጣላዎት አልመጣሁም። ቅዳሜ አሥራ ሁለት ተማሪ ይዘን እንመለሳለን። አልሄድም እንዳልል ሌላ ሥራ የለኝም። ይገረም 'እንደ አዲስ አሳሽጋለሁ' ብሎ ነው ያመጣኝ። እባክዎ፣ እንደዚህ አድርገው አይስፉብን።"

ሐጀራ ማዳበሪያውን ከመሬት አነሳች። መቀስ ከጎኗ ነበር፤ አልነካችውም። በባዶ እጇ ቋጠሮውን ያዘች። ጎተተች፣ በጥፍሯ ቆፈረች፣ በጥርሷ ሞከረች። ደረቅ መሬት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አሥራ አራት ዓመት የሠራ እጅ ነው። ራሷ ያሰረችው ራሷን አቃታት።

ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ንዴት የመጣው።

"ጋሼ ሙናዊር፣ ምን አሉኝ? ከበረንዳው ከወረደ በኋላ የኛ አይደለም? ደብረ ማርቆስ ላይ ሲያመሰግኑን የኛ ነው፣ ዝዋይ ላይ የሰው ጥፍር ሲነቀል የኛ አይደለም? ወላሂ አልሰማዎትም! ይልቅ ያን አፈ ሰፊ የፕላስቲክ በርሜል ያውርዱልኝ፣ ክዳኑ የሚጠመዘዘውን።"

"መቶ ሃያ ብር ነው እኮ።"

"ይገረም ይከፍላል!"

ይገረም ሰዓቱን አየ። "እትዬ፣ መኪና እየጠበቀኝ ነው፣ ቶሎ ካላለቀ…"

"ይጠብቅህ! ሠርኬ ስትጠብቅህ አላደረችም?"

ማዳበሪያውን በመቀስ ከፍታ ዕቃውን በርሜሉ ውስጥ አድርጋ ክዳኑን ጠመዘዘች። ከዚያ ልጁን መንገዱ ዳር አስቀምጣ ግራ እጁን ከኋላው እንዲይዝ አዘዘችው፤ ጭንቅላቱ ላይ ባዶ ማዳበሪያ ደፋችበት፤ ከጭማቂ ቤት በረዶ የገባበት ውሃ አስመጥታ ቀኝ እጁን እስኪደነዝዝ ነከረችው።

"በል ክፈት!"

ክዳኑ በእጁ ላይ ተንሸራተተ። በርሜሉም አብሮ ዞረ። ጫኞቹ "አይዞህ ካፒቴን!" እያሉ ያላግጡበታል።

"አየህ? አሁንም ትሞት ነበር" አለችው። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጣ ክዳኑ ዙሪያ አጥብቃ ጠመጠመች። በርሜሉንም በጉልበቱ መሐል እንዲይዘው አሳየችው። እንደገና ነከረችው። በዚህኛው ጊዜ ተከፈተ።

በርሜሉን ከታንኳው ጋር የሚያስረውን ገመድ ራሷ ቋጠረችው፤ ጫፉ ረዝሞ የቀረ፣ አንዴ ሲስቡት የሚለቅ ቋጠሮ። ክብሪት ወደሚባለው ነገር አልሄደችም። ሠርኬ ያን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ስባ ፈታችው፤ ክዳኑንም በሁለት መዳፎቿ መሐል ይዛ አዞረችው። ፊሽካና ሰንጢ ግን ሐጀራ በርሜሉ ውስጥ አላስገባችም። ሰንጢውን በገመድ አድርጋ ሠርኬ አንገት ላይ አሰረች። ይገረምን ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንገት የሚሆን አሥራ ሁለት ፊሽካ እንዲገዛ ሶማሌ ተራ ላከችው።

ሙናዊር ራሱን ነቀነቀ። "ይህ እኮ ማንም የሚፈታው ነው። የሐጀራ ቋጠሮ ነው ቢባል ስምሽ ይጠፋል።"

"ይጥፋ። ሐይቅ ላይ ሌባ የለም።"

ሰኞ ጠዋት ሠርኬ ደወለች። ሁሉም ደህና ገብተዋል።

"ከፈታችሁት?" አለቻት ሐጀራ፣ ገና ሰላም ሳትላት።

"ነፋስ እንኳ አልነበረም፣ እትዬ። ግን ታንኳ ላይ ከመውጣታችን በፊት አሥራ ሁለቱንም ተማሪዎች ዓይናቸውን አስሬ፣ እጃቸውን ሐይቁ ውስጥ ነክሬ በየተራ አስከፈትኳቸው። ሁለቱ አቃታቸው።"

"እና?"

"እስኪችሉ አላስወጣኋቸውም።"

ሐጀራ ስልኩን ዘግታ ሥራዋን ቀጠለች። ለደብረ ማርቆስ የሚሄደውን ዛሬም እንደ ድሮው ትሰፋለች፣ ታቀልጣለች። ያ የተነከሰ ማዳበሪያ ግን ከምትቀመጥበት በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሙናዊር ሊጥለው ሁለት ጊዜ ሞክሯል፤ ሁለቱንም ጊዜ ተጯጩኸዋል። ንዴቷ አልበረደም። ሻንጣና ከረጢት ሊያሳሽግ የሚመጣውን ሁሉ "ለመንገድ ነው ወይስ ለክፉ ቀን?" ብላ ሳትጠይቅ መርፌ አታነሳም።

ይህን ለምታነቡም አንድ ልመና አላት። ለሐይቅ ይሁን ለገጠር መንገድ፣ አልጋ ሥር ይሁን መኪና ውስጥ፣ ለክፉ ቀን ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ዕቃ ዛሬ አውጡት። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ጣታችሁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ በአንድ እጅ ክፈቱት። እምቢ ካለ እሷ ጋ አምጡት። ጎጃም በረንዳ፣ የሙናዊር ሱቅ በረንዳ ላይ ናት። የሰፋችው እሷ ራሷ ብትሆን እንኳ በነፃ ትተረትረዋለች። ብቻ ስትጮህባችሁ ታገሷት።