ስም የሌላት ብልቃጥ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «እትዬ ስፒል» ይላታል። ከንፈሯ መሃል ወይ ኮሌታዋ ላይ ስፒል የሌለባት ቀን የለም። ሱቋ የገባ ጨርቅ፣ እራፊም ቢሆን፣ የባለቤቱ ስምና ልኬት ያለበት ወረቀት በስፒል ሳይያዝበት መደርደሪያ ላይ አይወጣም። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ የሰው ልብስ አልጠፋባትም። ይህን ስትናገር ትኮራለች፤ ደግ አደረገች፣ ትኩራ!

ታዲያ አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ ሽንብራ የምታህል እብጠት ዳሰሰች። ሐኪሟ በመርፌ ናሙና ወሰደችና፣ «ክፉ ይሁን ደግ ላቦራቶሪው ይነግረናል፤ የዛሬ ሳምንት ይምጡ» አለቻት። በሳምንቱ ላቦራቶሪው ሄደች። «አልደረሰም፣ ነገ ይመለሱ» አላት መስኮቱ ላይ ያለው መዝገብ ያዥ። በማግስቱም ነገ። ሃያ ቀን ሙሉ ነገ! ነገ ማለት ምላስ ላይ እንዴት ይቀላል፣ እናንተ?

በዚያ ሰሞን የሆነችውን የምታውቀው አብራት የምትሠራው ታናሽ እህቷ ናት። እትዬ ስፒል የግራውን እጅጌ በቀኝ ገጠመች፤ ማንም ሳይላት የሰው ሱሪ አሳጠረች።

«ካንሰር ነው ይበሉኝና ልቻለው፤ አይደለም ይበሉኝና ልሳቅ። እንዲህ አንጠልጥለው የሚተዉኝ ኮት ነኝ እንዴ?»

«ኧረ አታሟርቺ፣ እትዬ!»

«ሟርቱስ እነሱ ዘንድ ነው!»

በሃያ አንደኛው ቀን እህቷን አስከትላ ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ቆመች። «ዛሬ ወይ ውጤቴን፣ ወይ አለቃህን!» አለችው መዝገብ ያዡን። ሰውዬው እያጉረመረመ ወደ ውስጥ ገባ። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። ስም ያልተጻፈባቸው ሦስት ብልቃጦች ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ የእሷ ከሦስቱ አንዷ ሳትሆን አትቀርም፣ የትኛዋ እንደሆነች ግን አይታወቅም ብሎ አመነ።

«እንግዲህ ናሙናው እንደገና ይወሰዳል» አላት።

«ቆይ፣ እስከ ዛሬ ነገ ስትለኝ የቱን አይተህ ነው?»

ሰውዬው መዝገቡን ማገላበጥ ጀመረ።

«ሳታይ ነዋ! ስማ አንተ፣ እኔ የሰው ጉርድ ቀሚስ ያለ ስም አላሳድርም! የኔ ሥጋ ከጉርድ ቀሚስ አነሰብህ?» ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አላትና ወደ ወረፋው ዞረች። «የቀሩት ሁለቱስ የማን ናቸው? ነገ ነገ እየተባለ የሚመላለስ ማን አለ?»

አግዳሚው ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ከኋላቸው አንዲት እርጉዝ ሴትም አወጣች። መዝገብ ያዡ የሚገባበት ጠፋው።

የሦስቱም ናሙና በዚያው ቀን እንደገና ተወሰደ። እትዬ ስፒል ብልቃጧን ከነርሷ እጅ ተቀበለች፤ ከቦርሳዋ እራፊ አውጥታ የብልቃጧ አንገት ላይ ጠመጠመች፣ ስሟን፣ ስልኳን፣ «ግራ ጡት» ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችና በስፒል ያዘችው። እስከ መስኮቱ ራሷ ይዛት ሄደች። ፈርታለች፣ ምን ይደበቃል!

«በል፣ አሁን ጠፋች በለኝ!» አለችው ብልቃጧን ስታስረክብ።

ስትዞር ሽማግሌው አዲሷን ብልቃጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከኋላዋ ቆመዋል።

«ልጄ፣» አሏት፣ «ለእኔም ጻፊልኝ።»