ምጡ ዝም ሲል

አዋላጇ ታሊን እጇ ብርቱ ነው፤ አፏ ደግሞ የባሰ። የኪቼ ሕዝብ በሚኖርባቸው ተራሮች አንዲት አዋላጅ ወላድ ወደ ሆስፒታል ከላከች «እጇ ቀዘቀዘ» ይሏታል፤ ከዚያ በኋላ ደጇን የሚረግጥ አይገኝም። ታሊን ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ልጆቿን የምታሳድገውም በዚሁ እጇ ነው።

የናን ሼፓ ምራት ዌል የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በኦፕሬሽን ነው። ታሊን ገና በእርግዝናዋ፣ «ማህፀኗ ጠባሳ አለው፤ ይቺ ልጅ ቤት አትወልድም» ብላ ነበር። ማን ሰምቷት። ምጡ ከጠና በኋላ ነው ያስጠሯት።

ስትደርስ ቤቱ ደስ ብሎታል። ሲያጣድፋት የዋለው ምጥ ድንገት ጸጥ ብሏል። አማቷ ናን ሼፓ በእንፋሎት መታጠቢያው ጎጆ እሳት እያነደዱ ነበር፤ እዚያ አገር የቀዘቀዘ ምጥ የሚሞቀው በእንፋሎት ነው።

«ፋታ ሰጣት፤ ሞቅ ሲላት ይመለሳል» አሉ ናን ሼፓ።

ታሊን የዌልን ሆድ ዳሰሰች። የሕፃኑ እግር ያለ ቦታው፣ ከቆዳው ሥር እጇ ላይ መጣ። ዌል ላብ አጥምቋት፣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ «ትከሻዬን አመመኝ» ትላለች።

«ናን ሼፓ፣ እሳቱን ያጥፉት። ማህፀኗ ተቀዷል፤ ደሟ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው፤ ትከሻዋን የሚያማትም ለዚያ ነው።»

«እኔ ስምንት የወለድኩት? ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ፈርተሽ ነው በይ።»

«አዎ ፈርቻለሁ። እርስዎም ይፍሩ።» ወደ ባልየው ዞረች። «ሽዋን፣ አንተን ምን ገተረህ? ሂድ፣ የጎረቤትህን መኪና አስነሳ።»

ኦፕሬሽን ይጠብቃታልና ውሃ እንኳ እንዳትቀምስ ከለከለች። እንዳታምጥ አዝዛ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አስተኛቻት። ሆስፒታል ደውላ፣ «ማህፀኗ የተቀደደ ሴት ይዤ እየመጣሁ ነው፤ ደም አዘጋጁ» አለች። መንገዱን ሙሉ የዌልን እጅ አልለቀቀችም። እንዲህ ያለች ሴት ትባረክ።

ዌል ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

መንደሩም ታሊንን አልማራትም፤ «እጇ ቀዘቀዘ» ተባለ። እሷ ግን ቁስሉ ሲሽር፣ አዋላጅ አራስ እንደምታጥበው ዌልን ልታጥብ መጣች። የእንፋሎቱን ጎጆ እሳት ናን ሼፓ ራሳቸው አንድደው ነበር፤ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

«የአራስ ወግ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች ዌል። «የምታቀፈው የለኝ።»

«እኔ የሕፃኑ ብቻ አዋላጅ ነኝ እንዴ? ያንቺስ? ነይ ግቢ።»

ዌል ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ናን ሼፓም የሞቀውን ውሃ ተሸክመው ከኋላ ተከተሉ።