በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ጎራዴ

ሻምበል ቢያዝን በቁማቸው ተለቅሶላቸዋል። ከሰቆጣ ወጣ ብላ ባለችው መንደራቸው ይህን የማያውቅ የለም፤ እሳቸውም ለእንግዳ ሲያወሩት እየሳቁ ነው። በጦርነቱ ዘመን ተማርከው ሳለ ሞቱ ተብሎ መርዶ መጣ። አስከሬን ስላልነበረ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸጌ እንደ አገሩ ደንብ ባዶ አልጋ ወደ ለቅሶው ሜዳ አስወጥተው፣ በላዩ የሻምበልን ኮትና የመኮንንነት ጎራዴ አጋደሙበት። አገሩ ሁሉ ለጎራዴው አለቀሰ። ከተዝካሩ በኋላ ጎራዴው ለነፍሳቸው መታሰቢያ ለአጥቢያው ሚካኤል ተሰጠ።

ሟቹ ከዓመታት በኋላ በእግራቸው መጡ።

ጎራዴው የአንበሳ ራስ የተቀረጸበት የነሐስ እጀታ አለው። ሻምበል በወጣትነታቸው ከጦር ትምህርት ቤት ሲመረቁ የታጠቁት ነው፤ ከእሳቸው በፊት ማንም አልያዘውም። ከምርኮ ሲመለሱ ግን ወታደር ነበርኩ ማለት የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። ሚስታቸውን ይዘው ወደ ጽጽቃ ሄዱ፤ አረሱ፣ ፍየል አረቡ፣ ልጆች አሳደጉ። ወደ መንደራቸው የተመለሱት ዘንድሮ ነው፤ ጉልበታቸው ሲደክም፣ አንድ ነገር ቆርጠው። እውነተኛው ለቅሷቸው ሲደርስ አልጋቸው ላይ የገዛ ጎራዴያቸው እንዲጋደም ይፈልጋሉ።

«ሂጂና ጠይቂልኝ፤ የሰጠሽው አንቺ ነሽ» አሉ ለወይዘሮ ሸጌ።

«እኔማ ለነፍስህ ሰጠሁ። ነፍስህን ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ። ራስህ ሂድ።»

ሄዱ። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁትን ቄስ አሥራተ ማርያምን ዕቃ ቤቱ ደጅ አገኟቸው።

«አባ፣ አልሞትኩም» አሉ ሻምበል።

«አያለሁ።»

«እንግዲያው ጎራዴዬን ይስጡኝ።»

«ለነፍስ የተሰጠ እንዴት ይመለሳል? ደግሞ ዛሬ እዚህ የለም። ጌታሰው ቤት ነው።»

«ቀፎ ሠሪው ጌታሰው? እሱ በጎራዴ ምን ያደርጋል?»

«ዐርፏል። እርስዎ በሌሉበት የለመድነው ነገር አለ፤ መሣሪያ የሌለው ሰው ሲሞት እናውሰዋለን። አልጋው ባዶውን እንዳይወጣ።»

ሻምበል ከዘራቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ለቅሶው ሄዱ።

ሜዳው በሰው ተሞልቷል። የጌታሰው ልጅ ደግሰው ጎራዴውን እንደ ዶማ ትከሻው ላይ አድርጎ በአባቱ አልጋ ዙሪያ ይዞራል። ሻምበልን ሲያይ ቆመ። ጎራዴው የማን እንደሆነ ያውቃል።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ነው» አለና በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። «ለቅሶው እስኪያልቅ ብቻ ቢታገሡን።»

ተቀበሉት። ዝጎ ይሆናል ብለው ከአፎቱ ግማሽ ያህል መዘዙት። ስለቱ ያበራል፤ የማር ሰም ይሸታል።

«ማን ነው ሰም የቀባው?»

«አባቴ። ዕቃ ቤቱ እየሄደ በየክረምቱ ይቀባው ነበር። ነገ ለእኔ ነው የሚወጣው፣ ዝጎ ባያሳፍረኝ፣ ይል ነበር።»

ሻምበል ጌታሰውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ በሕይወቱ ከማር መቁረጫ ቢላ በቀር ስለት ጨብጦ አያውቅም። ጎራዴውን ወደ አፎቱ መለሱ። ከደግሰው ትከሻ ላይ አቧራውን አራገፉለት።

«እንዲህ አይያዝም» አሉት። «እጀታው ወደ ደረትህ፣ ጫፉ ወደ ምድር። ና፣ ከኋላዬ ተከተለኝ።»

ከዘራቸውን ለአንዱ ሰጡና ጎራዴውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ ያኔ በተመረቁበት ቀን በተራመዱት እርምጃ፣ ሳይዛነፉ በቀፎ ሠሪው አልጋ ዙሪያ ዞሩ። አልቃሾቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

ማታውን ጎራዴውን ራሳቸው ለቄሱ አስረከቡ።

«ተራዬ ሲደርስ እንደ ማንም ታውሱኛላችሁ» አሉ።

«ለእርስዎ እኮ አንዴ ወጥቷል» አሉ ቄሱ።

«ያ ለሙከራ ነበር» አሉ ሻምበል፤ ወዲያው ወደ ደግሰው ቤት መንገድ ያዙ። ክረምቱ ሳይገባ ለጎራዴው የሚቀባ ሰም ማስያዝ ነበረባቸው።