ከወልድያ እስከ ውርጌሳ፣ ሁለት የደም ወረቀት ይዤ

ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡40፣ ወልድያ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ሹፌሩ ሰይድ የሚኒባሱን መስታወት በአሮጌ ጋዜጣ እየወለወለ ነው። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ስመጣ አየኝና "እትዬ ሙሉ፣ ዛሬ ወርቅ ይዘው ነው እንዴ?" አለኝ። ወርቅ ቢሆንማ በምን ዕድሌ። የያዝኩት ሁለት ወረቀት ነው።

አንባቢዬ እንደ እኔ ግራ እንዳይጋባ ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። እኔ ወልድያ ውስጥ ጨርቅ የምሸጥ ሴት ነኝ። የእህቴ ልጅ ትዕግስት መርሳ ላይ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ከሦስት ዓመት በፊት ከውርጌሳ በላይ፣ ገደልና ዋሻ በሚበዛበት አገር ስታስተምር ግራ ጉንጯ ላይ ቁስል ወጣባት። አላመማት፣ አላሳከካት፤ ግን አልድን አለ። የአገሩ ሰው "የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው" አላት። ደሴ ሆስፒታል ስትሄድ ከቁስሉ ጠርዝ ፍቀው በአጉሊ መነጽር አዩና "ቁንጭር ነው" አሏት። ከትንኝ የምታንስ ዝንብ ስትነክስ የምታስገባው ተውሳክ ነው አሉ። አንድ ወር ያህል በየቀኑ መርፌ ተወጋች። ቁስሉ ደረቀ፣ የአምስት ሳንቲም ያህል ጠባሳ ቀረ፣ "ታክማ ድናለች" የሚል ወረቀት ይዛ መጣች።

አሁን ልትዳር ነው፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ። እጮኛዋ ዮናስ መካኒክ ነው። ሙያውን የተማረው እኔ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሲሆን፣ የተዋወቁትም እዚያው ደጄ ላይ ነው። አባቱ ጋሽ አበጋዝ ውርጌሳ ላይ ወፍጮ ቤት አላቸው። መቼም በእኛ አገር ደሙን ሳይመረመር ቄስ ፊት የሚቆም ሙሽራ የለም። ልጆቹ የኤች አይ ቪውን ወረቀት አምጥተዋል፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ጋሽ አበጋዝ ግን ጠባሳዋን አይተው "የቁንጭሩም ከደሟ መውጣቱ ይረጋገጥ። ያለዚያ እኔ ቤት ጠላ አይጠነሰስም" አሉ። የደሴውን ወረቀት ስናሳያቸው አገላብጠው አዩትና "ይሄማ ደም የለበትም። ደሟን ሳያዩ እንዴት ዳነች ይላሉ?" ብለው መለሱት።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልክ ብለዋል ብዬ ነበር። ደም የማያውቀው ምን በሽታ አለ?

12፡15፣ መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣን። ሰይድ "ቢስሚላህ" ብሎ ማርሹን አስገባ። ታሪፉን አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ ሳይወጣ ይለወጣል። ከጎኔ አንድ ዶሮ የያዘ ሰው አለ፣ ከፊቴ የሽንኩርት ጆንያ። መስኮቱ አልዘጋ ብሎ ብርዱ ጆሮዬን ይቆነጥጠኛል።

ሐሙስ ዕለት ትዕግስት ወልድያ መጥታ ደሟን ሰጥታ ተመለሰች። የሰጠችው ጀማል ለሚባል የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ጎረቤቴ ነው፣ ረጋ ያለ ልጅ። "እትዬ ሙሉ፣ ለቁንጭር የደም ምርመራ ብዙም አልመክርም" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ወረቀት ነበር የፈለግኩት። ነገር ያሳመርኩ መስሎኝ፣ "የእኔንም ውሰድ፣ ማወዳደሪያ ይሁን" አልኩት። የጤነኛ ሰው ደም ምን እንደሚመስል ለጋሽ አበጋዝ ላሳያቸው አስቤ ነው።

ትናንት ማታ ውጤቱን ሰጠኝ። የትዕግስት፦ ፖዘቲቭ። የእኔ፦ ፖዘቲቭ።

ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቁስል ኖሮኝ አያውቅም። "ምርመራው ተውሳኩን አይደለም የሚያየው" አለኝ። "ሰውነት ተውሳኩን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሌባው ከሄደ በኋላ ዘበኛው ወዲያው አይባረርም፤ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ትዕግስት ድናለች፤ መዳኗን ጠባሳዋ ይነግርዎታል እንጂ ደሟ አይነግርዎትም።"

"እኔስ? የኔ ዘበኛ ከየት መጣ?"

"ያቺ ዝንብ ባለችበት አገር አይደል የተወለዱት? ነክሳዎት ሰውነትዎ ሳይቆስል ተውሳኩን አሸንፎት ይሆናል። ወይም ምርመራውን ሌላ ነገር አሳስቶት ይሆናል።"

"ይሆናል፣ ይሆናል። እርግጡን ንገረኝ።"

"እርግጡ ይኸው ነው፤ በዚህ ምርመራ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ቁስሉ አፍንጫው ላይ ተቀምጦ ደሙ ኔጌቲቭ ያለ ሰውም አይቻለሁ።"

ሌሊቱን ክንዴን፣ ክርኔን፣ ከጆሮዬ ኋላ በመስታወት ስፈትሽ አደርኩ። ምንም የለም። ፈራሁ ማለት ያንሳል።

1፡00፣ ሲሪንቃ

ፍተሻ አለ፤ ወረድን። የእርሻ ምርምር ጣቢያው ሠራተኞች በአጥሩ ጥግ ወደ ሥራቸው ይገባሉ። መንገድ ዳር ፓፓያ ተደርድሯል፤ ለትዕግስት ሁለት ገዛሁ። ፈታሹ ቦርሳዬን ሲከፍት ወረቀቶቹን አወጣቸው። የታመምኩ መሰለው መሰለኝ፣ "እግዜር ይማርዎት" ብሎ መለሰልኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ሚኒባስ ውስጥ ተመልሼ ንግግሬን ተለማመድኩ። "ጋሽ አበጋዝ፣ ሌባው ሄዷል፣ ዘበኛው ግን…" ዶሮ የያዘው ሰው ዞር ብሎ አየኝና ዶሮውን ወደ ራሱ ጠጋ አደረገ።

1፡50፣ መርሳ

ትዕግስት ቤት በሩ ክፍት ነው። መሬት ላይ ተቀምጣ ለሕፃናቱ ከካርቶን ፊደል ትቆርጣለች። ወረቀቷን ሰጠኋት። አነበበችው። መቀሱ አልቆመም፤ የጀመረችውን "መ" ቆርጣ ጨረሰችና አስቀመጠችው።

"አክስቴ፣ እኔ ድኛለሁ ወይስ አልዳንኩም?"

"ድነሻል።"

"ታዲያ ምነው ፖዘቲቭ አለኝ?"

የዘበኛውን ነገር ነገርኳት። በመሐል ሌባውንና ዘበኛውን አቀያየርኳቸው። እኔም ሳስረዳ ይበልጥ ጠፋኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ጋሽ አበጋዝ ቃላቸውን አይመልሱም። ዮናስም 'አባዬ እሺ ባይልም እንጋባለን' ብሎኛል። እኔ ግን ልጅን ከአባት አጣልቼ አልገባም። ዛሬ እምቢ ካሉ በቃ፣ ቀለበቱን እመልሳለሁ" አለች። ጠባሳዋን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከዳነች ወዲህ እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም።

የእኔን ወረቀት አላሳየኋትም። ለምን እንደደበቅኩ አሁንም አላውቀውም። አፍሬ ነው መሰለኝ። ለሌላው ሲሆን "ዘበኛ ነው፣ አትፍሪ" ማለት ቀላል ነው።

4፡20፣ ውርጌሳ

ከመርሳ ሌላ ሚኒባስ ይዘን ወረድን። ዮናስ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀን፣ እጁ ላይ ግሪስ አለ። ፊታችንን አይቶ ወደ ቤት መራን።

ጋሽ አበጋዝ ወፍጮውን አስቁመው ዱቄታቸውን እያራገፉ መጡ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ቆሎ በሰፌድ፣ ውሃ በብርጭቆ አቀረቡ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጾሙ ተጠያየቅን። ትዕግስት ውሃዋን ጠጣች። ከዚያ ጋሽ አበጋዝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወረቀቷን ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አጥልቀው ከላይ ጀመሩ። አንዲቷ ቃል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። "ፖዘቲቭ ይላል።"

"ጋሽ አበጋዝ፣ አንቱ እንደሚያስቡት አይደለም። ሌባ ገብቶ ነበር…"

"የምን ሌባ?"

"ተውሳኩን ማለቴ ነው። እሱ ወጥቷል። ዘበኛው ነው የቀረው።"

"ሙሉ፣ እኔ ያልኩት ከደሟ ይውጣ ነው። ዘበኛም ይሁን ሌባ፣ አልወጣም።"

እንዲህ ሲሉ እትዬ ዘነቡ ትዕግስት የጠጣችበትን ብርጭቆ ከሌሎቹ ለይተው አነሱና ከአግዳሚው ሥር አስቀመጡት። በክፋት አይደለም፤ እጃቸው ነው የሄደው። ትዕግስት ግን አየች። ቀለበቷን ከጣቷ ማውለቅ ጀመረች።

ያኔ ነደደኝ። በእሳቸው ይሁን በራሴ እንጃ። ቦርሳዬን ከፍቼ ሁለተኛውን ወረቀት ከሰፌዱ አጠገብ አስቀመጥኩት።

"ይኸው የእኔም። እሱም ፖዘቲቭ ነው። እኔ አንድ ቀን ቆስዬ አላውቅም፣ ጠባሳም የለኝም። ልጃችሁ ሁለት ዓመት ከእኔ ገበታ በልቷል፣ በእኔ አንሶላ ተኝቷል። እናንተም ወልድያ ስትመጡ የምታርፉት እኔ ጋ ነው። ብርጭቆ የምንለይ ከሆነ ከእኔ እንጀምር።"

ትዕግስት ዞራ አየችኝ። ቀለበቱ የጣቷ አንጓ ላይ እንደቆመ ቀረ።

ጋሽ አበጋዝ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዘው ያነጻጽሩ ጀመር። "አንቺስ ያምሻል?" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ምንም አያመኝም። ለዚህ ነው ግራ የገባኝ።"

እትዬ ዘነቡ እስካሁን ቆመው ነበር። "ሙሉ፣ አንቺ የተወለድሽው ከላይ አይደል፣ ከዋሻዎቹ ሥር?"

"አዎ።"

"እኔስ የዚያው አገር ልጅ አይደለሁ?" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እኔንም ወልድያ ውሰጂኝ። የእኔም ደም ይታይ።"

ጋሽ አበጋዝ ቀና አሉ። "ያንቺን ደም ማን ጠየቀ?"

"የሷንስ?"

ዮናስ እግሩን እያየ ነው። እትዬ ዘነቡ ጎንበስ ብለው ብርጭቆውን ከአግዳሚው ሥር አነሡ፣ ከማሰሮው ውሃ ቀድተው ራሳቸው ጠጡበት። ከዚያ ሞልተው ለትዕግስት ሰጧት።

ጋሽ አበጋዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ያ የላብራቶሪ ልጅ፣ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል ብሏል?"

"አብሮ በመብላትና በመኖር አይሄድም፤ በዝንቧ ነው ብሏል።"

"እንግዲያው ከኤች አይ ቪው ወረቀት ጋር ላስቀምጠው" ብለው አንዱን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሌላውን መለሱልኝ። "ደሙን እኔው ነኝ የጠየቅኩት። ደም የሚዋሽ አይመስለኝም ነበር።"

"አልዋሸም እኮ" አልኩ።

"እሱን ተይው፣ እንደገና አትጀምሪልኝ።"

እትዬ ዘነቡ "የጠላውን ገብስ ሰኞ እዘፈዝፋለሁ፤ ብቅሉ እስኪደርስ ጊዜ አለን" አሉ። ትዕግስት ቀለበቷን ወደ ቦታው ገፋችው።

9፡30፣ ወደ ወልድያ ስመለስ

ትዕግስት መርሳ ላይ ስትወርድ አቅፋ ሳመችኝና "ለምን ጠዋት አልነገርሽኝም?" አለችኝ። "ፈርቼ" አልኳት።

የመርሳ መናኸሪያ ውስጥ ሰይድን አገኘሁት። ሲሪንቃን ስናልፍ ወረቀቴን ደግሜ ላየው ፈለግኩ። ስሜ የለበትም። የትዕግስት ነው። ጋሽ አበጋዝ ለሙሽራዋ ዶሴ ብለው ያስቀመጡት የእኔን ነው። ደነገጥኩና ደወልኩላቸው።

"ጋሽ አበጋዝ፣ ወረቀቱ ተቀያይሯል። እርስዎ ጋ ያለው የእኔ ነው።"

"ቆይ፣ መነጽሬን ላድርግ።" ወረቀቱን ሲዘረጉት ተሰማኝ። "እውነትሽን ነው፣ ሙሉነሽ ይላል። ከስሙ በቀር ልዩነት አለው?"

"የለውም። ሁለቱም አንድ ነው የሚሉት።"

"እንኪያስ ይቀመጥ። ደግሞ ዘነቡ ገብሱን ዘፍዝፋዋለች።"

"ሰኞ አላሉም እንዴ?"

"አላስቻላትም።"

ስልኩን ዘጋሁት። ሰይድ በመስታወቱ እያየኝ "ወርቁን አደረሱ ወይ?" አለ። "አንዱን አደረስኩ" አልኩት።

ወልድያ ስንገባ ጀማል ላብራቶሪውን ሊዘጋ ነው። በሩ ላይ ቆሜ የሆነውን ሁሉ ነገርኩትና "አሁን እኔ ምንድን ነኝ?" አልኩት።

"ጤነኛ ነዎት።"

"ወረቀቱስ?"

"ወረቀቱም ልክ ነው።"

የትዕግስትን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። ከመሐላችን የታመመ ሰው እንደሌለ ገብቶኛል። ወረቀቱ ግን እስካሁን አልገባኝም።