ጥዱ የዛገበት በጋ

ፈንታ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ባለችው አጥቢያችን የቤተ ክርስቲያኑን ጥዶች ይጠብቅ ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩም አጭር ነው። ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ የሚቆጥብ ይመስላል።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ከኮረብታው ላይ ምሽግ ሊሠራ እንጨት ፈለገ። በእኛ ዘንድ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ እርጥብ ዛፍ መቁረጥ ግዝት ነው፤ የደረቀ ግን በገበዙ ፈቃድ ይቆረጣል። ይህን ለጣሊያን ማን እንደነገረው አልታወቀም። የምሽጉ ሹም በአስተርጓሚው «እርጥቡን አልነካም፤ የደረቀ ካለ ግን እወስዳለሁ» ብሎ ላከ።

በዚያው ሰሞን ጥዶቹ ዛጉ። ወደ ግንዱ ያለው ቅጠል ቀልቶ ደረቀ፤ ነፋስ ሲነካው በራሳችን ላይ ይረግፋል። ፈንታ ደግሞ ለምሽጉ ድንጋይ ሊሸከም ተይዞ ከርሞ፣ ሌሎቹ ሳይለቀቁ እሱ ብቻ ተመልሷል። «ጉልበቴ አብጦ ነው የለቀቁኝ» ቢልም ያመነው አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ፈንታ ጥዶቹን ለጣሊያን ብሎ ያደረቀ ባንዳ ነው ከተባለ ለአርበኞች ተላልፎ ሊሰጥ ነው፤ አርበኞች ደግሞ ባንዳን አይምሩም።

ደምለው የሚባለው ጎረቤቱ ብድግ አለ። «ጥድ እንዲያው አይደርቅም። ሥሩ ላይ የሚያፈስበት ነገር አለ!»

የፈንታ ሚስት የብርጓል ከሴቶች መካከል ጮኸች። «ምን አባቱ ያፈሳል? ለጠላዬ እንኳ ውኃ ቅዳልኝ ብለው እንቢ ያለ ሰው!»

ሰው ሳቀ። ገበዙ አባ ሙላት ግን አልሳቁም። «ፈንታ፣ ተናገር።»

«በየበጋው አሮጌውን ቅጠል ይጥላል፣ አባ። ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ስላቆመ በዛ።»

«እስከ ዛሬ እንዴት ሳናየው ቀረን?»

«ማን ቀና ብሎ አየ?»

ነገሩ ሳይቆረጥ አንዱ እየሮጠ መጣ። ሹሙና አስተርጓሚው የደረቁትን ጥዶች ሊያዩ ወንዙን ተሻግረዋል።

ፈንታ ማንንም አልጠየቀም። ነጠላውን ጥሎ አንዱ ጥድ ላይ ወጣና ቅርንጫፉን ይንጠው ጀመር።

«ጉልበቱ ዳነ እንዴ?» አለ ደምለው።

የዛገው ቅጠል እንደ ዝናብ ወረደ። የቀረው አረንጓዴ ነበር። አባ ሙላት ትንሽ አንጋጠው ቆዩና በመቋሚያቸው ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ መቱ። ያን ጊዜ ሁላችንም በየጥዱ ተረባረብን፤ ሴቶቹም የረገፈውን ጠርገው በነጠላቸው ወደ ቤተልሔሙ ጓሮ አጋዙት።

አስተርጓሚው ደርሶ ሽቅብ አየ፤ ቁልቁል አየ።

«መሬቱን ማን ጠረገው?»

«ንግሥ ደርሷል፤ ለታቦት እንጠርጋለን» አሉ አባ ሙላት።

«ታዲያ ጥዱ ደርቋል ብሎ የመጣልን ሰው የታለ?»

ዓይኑ በሕዝቡ ላይ ዞረ። ደምለው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። የአስተርጓሚው ዓይን እዚያ ጥቂት ቆየና አለፈ። ሹሙ ተቆጥቶ ፈረሱን መለሰ።

የፈንታን ነገር ያነሣ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ አልነበረም፤ ጥዶቹንም እስኪሞት ጠበቀ። ደምለውን ማንም አልከሰሰውም። ብቻ አጸዱ ውስጥ በተቀመጠ ቁጥር አንድ ሰው ተነሥቶ እንደ ጠባቂ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር።